አውሮፕላኖቹ በቆሙ ጊዜ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ አንድ ነጋዴ አባላችን ያደረጉት ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ አንድ ነገር ተናገር ሲለኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ። እኔ ድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአሮጌው ባቡር እዚህ የመጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከሚዛን ጀርባ ቆሜ በርበሬና ሽሮ የመዘንኩ፣ ነጠላና ጋቢ የሸጥኩ ሰው ነኝ። የንግግር ሰው አይደለሁም። በሦስተኛው እሺ ያልኩት በልቤ ይዤው የቆየሁት አንድ ነገር ስላለ ነው። ነገሩ የአውሮፕላን ነገር ነው። ባለ ሱቅ በአውሮፕላን ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እስከ መጨረሻው ግን ታገሱኝ። ዓመቶቹንም ሁሉ እዚህ አገር በለመድነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት፣ በ2020 ማርች 18 ቀን የአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ለመንገደኛ በረራ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ከናጋድ የሚነሳው የመንገደኛ ባቡርም ቆመ። ጥቂት ቀን ቆይቶ እኛም በየቤታችን ገባን። የአውሮፕላን ማረፊያው እንደገና የተከፈተው ጁላይ አጋማሽ ላይ ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን ከሱቄ በላይ ሲያልፍ ለብዙ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ልብ ብዬው ግን አላውቅም ነበር። ልብ ያልኩት ድምፁ የጠፋ ጊዜ ነው። በእነዚያ ወራት ከመካከላችን አገር ቤት እናቱ ያረፈችበት ሰው ሄዶ አፈር ማልበስ አልቻለም። ልቅሶውን እዚሁ፣ ያውም ተራርቀን ተቀመጥን። አውሮፕላን የባለጸጋ ነገር ይመስለን የነበርን ሁሉ ያን ጊዜ የእኛም ጉዳይ መሆኑ ገባን።

የአየር መንገዳችንና የጅቡቲ ትውውቅ ደግሞ የትናንት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ፣ በ1946 ኤፕሪል 8 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር ሥራ ሲጀምር፣ ወዲያው ከተከፈቱት የውጭ መስመሮች መካከል ኤደንና ጅቡቲ ይገኙበታል። አሮጌው ባቡር በምድር ያገናኘንን ያህል እሱም በሰማይ ሲያገናኘን ኖሯል ማለት ነው።

በ2020 የሆነው ነገር ግን በጅቡቲና በአዲስ አበባ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ2019 በመላው ዓለም አራት ቢሊዮን ተኩል ያህል መንገደኛ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ወደ አንድ ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ወረደ። በእኛ ቋንቋ ልተርጉመው፤ በቀን መቶ ሰው ይገባበት የነበረ ሱቅ አርባ ሰው ብቻ ገባበት እንደ ማለት ነው። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ደንበኛ ቢቀርም ኪራይ አይቀርም። አየር መንገዶችም ብዙዎቹን አውሮፕላኖቻቸውን የሚይዙት በኪራይ ወይም በብድር ነው። አውሮፕላኑ በረረም ቆመም የወሩ ክፍያ ይመጣል። መቆሙ ራሱ ወጪ አለው፤ ጎማው መሽከርከር፣ ሞተሩ መፈተሽ፣ ቀዳዳው ሁሉ ከአቧራና ከወፍ ጎጆ መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ የማሰናበት ዘመን መጣ። ቅድሚያ የተሰናበቱት ባለ አራት ሞተሮቹ ግዙፍ አውሮፕላኖች ናቸው። የሆላንዱ ኬ ኤል ኤም ቦይንግ 747ቶቹን በማርች 2020 መጨረሻ ከመንገደኛ ሥራ አወጣ። ኤር ፍራንስ በሜይ ወር ኤ380 የሚባሉትን ባለ ሁለት ፎቅ ኤርባሶች ዳግመኛ እንደማያበራቸው አስታወቀ። በጁላይ ብሪቲሽ ኤርዌይስ 31 የነበሩትን 747ቶች በሙሉ አሰናበተ፤ የአውስትራሊያው ካንታስም በዚያው ወር የመጨረሻዋን 747 ሸኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አራት ሞተር የአራት ሞተር ነዳጅ ይጠጣል፣ የአራት ሞተር ጥገና ይጠይቃል። ሙሉ ሰው ሲጭን ያዋጣል፤ ግማሹ ባዶ ሲሆን ግን ጥቂት ጆንያ ጭኖ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ወደ አዲስ አበባ እንደ መላክ ነው። አዲሶቹ ባለ ሁለት ሞተሮች ያንኑ ርቀት በጣም ባነሰ ነዳጅ ይሄዱታል።

የተሰናበቱትና ለጊዜው የቆሙት ወዴት ሄዱ? ወደ በረሃ ነው የሄዱት። በስፔን ቴሩኤል፣ በአሜሪካ ቪክተርቪል፣ በአውስትራሊያ አሊስ ስፕሪንግስ ተደርድረው ቆሙ። በረሃ የተመረጠው አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብረት ቶሎ ስለማይበላ ነው። ሙቀትማ እኛም ዘንድ ሞልቷል፤ ነገር ግን የባሕሩ ጨው የሱቃችንን የቆርቆሮ በር በስንት ዓመት እንደሚበላው የምናውቅ ሰዎች ለምን ወደ እኛ እንዳልመጡ አይጠፋንም።

አውሮፕላን በረሃ ይቆማል። ሰውስ? ወደ ዋናው ነገሬ መምጣቴ ነው።

እኔ ቀድሞ ፓይለት ማለት ማንኛውንም አውሮፕላን የሚነዳ ሰው ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። አንድ አብራሪ ለያንዳንዱ ዓይነት አውሮፕላን ለብቻው ሠልጥኖ፣ ሲሙሌተር በሚባለው ማስመሰያ ተፈትኖ ፈቃድ ይወስዳል። የ747 ፈቃድ ያለው ሰው ነገ ተነስቶ 787 ላይ መቀመጥ አይችልም። ፈቃዱ ያለው ሰው እንኳ መንገደኛ ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት፤ ካልሆነ እንደገና መለማመድ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ አስቡት። አንድ ዓይነት አውሮፕላን በሙሉ ሲሰናበት፣ እሱን ብቻ የሚያውቀው አብራሪም አብሮ ይቆማል። በብዙ አየር መንገድ ደግሞ ሲቀነስ መጨረሻ የገባው ነው ቀድሞ የሚወጣው፤ ስለዚህ በትሩ ያረፈው በወጣቶቹ ላይ ነበር፤ የትምህርት ዕዳቸውን ገና ባልከፈሉት ላይ።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ የእህቴ ልጅ ነው።

ስሙን አልጠራም፤ የሠራበትንም አየር መንገድ አልጠራም። የውጭ አገር ድርጅት ነበር፤ እሱም በአንድ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ነበር። ለትምህርቱ እህቴ ቤቷን አስይዛ ተበድራለች። እኔም የሁለት ዓመት ትርፌን ሰጥቻለሁ። ሲመረቅ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ኮፍያውን በብብቱ ይዞ የተነሳውን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳጥቤ ከሚዛኑ በላይ ሰቀልኩት። ሱቄ ገብቶ ስለዚያ ፎቶ ያልሰማ ደንበኛ የለኝም። ከእናንተም መካከል ስኳር ሊገዛ ገብቶ ስለ ክንፍና ስለ ሞተር ሩብ ሰዓት የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ስትስቁ አያለሁ።

በ2020 ሜይ ወር በኢሜይል አንድ ደብዳቤ ደረሰው። የሚያበረው አውሮፕላን ወደ ሥራ እንደማይመለስ፣ እሱም አብሮ እንደተቀነሰ የሚገልጽ ነበር። አዲስ አበባ እናቱ ቤት ገባ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ልጁ መች ነው የሚመለሰው?» ይላል። እህቴ «ዕረፍት ላይ ነው» እያለች ሰነበተች። በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈት፣ በኦክቶበር፣ ወደ እኔ መጣ።

አሁን የምናገረው የራሴን ጥፋት ነው። ልጁ ከመምጣቱ በፊት ባለው ማታ ፎቶግራፉን አወረድኩት። ክፋት አስቤ አልነበረም። ደንበኛ አይቶ ቢጠይቀው ያፍራል ብዬ ነው፤ ለራሴም ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ምስማሩን ግን አልነቀልኩትም። ልጁ በማግስቱ ሱቅ ገባና ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ ባዶው ምስማር ላይ አረፈ። ምንም አላለም። ሻንጣውን አስቀምጦ መጥረጊያ አነሳና ደጃፉን ጠረገ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጁ ሱቅ ውስጥ ዘጠኝ ወር ሠራ። ሽሮ መዘነ፣ ጆንያ ተሸከመ፣ የዱቤ መዝገቤን አስተካከለ። አንድ ቀን የባህል ልብስ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያስመጣሁበትን የጭነት ወረቀት አየና፣ «ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለአየር ነው ሲከፍሉ የኖሩት» አለኝ። የአውሮፕላን ጭነት በክብደት ብቻ አይሰላም ለካ። ዕቃው ቀላል ሆኖ ቦታ ከያዘ በስፋቱ ነው የሚሰላው፤ ስድስት ሺህ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር እንደ አንድ ኪሎ ይቆጠራል። የእኔ ጋቢና ነጠላ ደግሞ በትልልቅ ካርቶን ውስጥ ተዘርግቶ ነበር የሚመጣው። ልጁ አጣጥፎና አጥብቆ ማሰር፣ ካርቶኑን ማሳነስ አሳየን። የእኔን ብቻ አይደለም፤ ከሪያድ ገበያ አካባቢ የሚነግዱ የአራት አምስት እህቶችን ዕቃ ባንድ ላይ አስጭኖ ወጪያቸውን ቀነሰላቸው። እኔ በፎቶግራፍ ሳንቆለጳጵሰው ለማንም አንድ ፍራንክ አላተረፈም ነበር፤ ሽርጥ አድርጎ ነው ለሰው የጠቀመው።

ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ አየር መንገዳችን ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2020 ማርች መጨረሻ ላይ ከ80 በላይ ወደሆኑ መዳረሻዎች የሚያደርገውን የመንገደኛ በረራ አቁሞ ነበር። የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስፈፃሚ ተወልደ ገብረማርያም በኤፕሪል ወር በሰጡት መግለጫ ድርጅቱ 550 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ማጣቱን ተናግረዋል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው አየር መንገድ ከ2019 ዲሴምበር ጀምሮ በአዳኝ አስተዳዳሪዎች እጅ ነበር፤ ኤር ሞሪሺየስም በኤፕሪል 2020 በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። የእኛው ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰላሙ ጊዜ በዓለም በአየር ከሚጓዘው ጭነት ግማሽ ያህሉ የሚጫነው በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አልነበረም፤ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ፣ ከእግራችን በታች ነበር። የመንገደኛው አውሮፕላን ሲቆም ያ ቦታ ሁሉ አብሮ ጠፋ። በአንጻሩ ዓለም በሙሉ ማስክ፣ ጓንት፣ መመርመሪያ፣ መድኃኒት በአስቸኳይ ይፈልግ ነበር። ቦታው ጠፍቶ ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። ይህን ለማየት ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ የረመዳንና የፋሲካ ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አሥር 777 እና ሁለት 737 ዕቃ ጫኞች ነበሩት። እነሱ አልበቁ ሲሉ ከ25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ ወንበሩን ነቅሎ ካርቶን ጫነባቸው። ወንበር መንቀሉ አዲስ ገንዘብ አላስወጣም ማለት ይቻላል፤ የጠየቀው የራሱን ቴክኒሺያኖችና የጥገና ቤት ነው፤ እነዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ነበሩ።

በማርች 22 ቀን ቻይናዊው ባለጸጋ ጃክ ማ ለአፍሪካ 54 አገሮች የሰጡት የሕክምና ዕቃ ቦሌ ደረሰ፤ ከዚያም ወደየአገሩ የተከፋፈለው በዚሁ አየር መንገድ ነው። በኤፕሪል አጋማሽም የዓለም የምግብ ፕሮግራም የሰብዓዊ ዕርዳታ ማከፋፈያ ማዕከሉን ቦሌ ላይ ከፈተ። ዋና ሥራ አስፈፃሚው በተደጋጋሚ እንደተናገሩት ድርጅቱ ከመንግሥት የመደጎሚያ ገንዘብ አልጠየቀም፤ ቋሚ ሠራተኛም አልቀነሰም። አብራሪው በመንገደኛ ፋንታ ካርቶን ይዞ በረረ፤ ግን በረረ።

ኬ ኤል ኤም እንኳ በማርች ያሰናበታቸውን 747ቶች ጥቂቶቹን ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይቆይ ከቻይና የሕክምና ዕቃ ለማመላለስ መልሶ አወጣቸው። አሮጌ ነው፣ አያዋጣም የተባለው ለሌላ ሥራ ተፈለገ። የእኛውም በ2021 ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪዎች ጋር ያረጁ 767ቶችን ወደ ዕቃ ጫኝነት የሚለውጥ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ለማቋቋም ተስማማ። በዚያው ዓመት ማርች ወርም ከኤር ጅቡቲና ከዚህ ካለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ድርጅት ጋር፣ ከቻይና በመርከብ ወደብ የገባ ዕቃ ከአምቡሊ በአውሮፕላን ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንዲጓዝ ውል ተፈራረመ። አዲስ ነገር የተፈጠረ አይደለም፤ በችግሩ ዘመን ወንበር ሲነቀል የተገኘው ትምህርት ነው ወደ እኛው ወደብ የመጣው።

የሚቆመው ሁሉ ግን ተመልሶ አይነሳም። ይህን እኛ የጅቡቲ ሰዎች ከማንም በላይ እናውቃለን። ኤር ጅቡቲ ከ1963 ጀምሮ ስንት ጊዜ ወድቆ ተነሳ? በ1991 ተዘጋ፤ እንደገና ተከፍቶ በ2002 ተዘጋ፤ በ2015 እንደ አዲስ ሲቋቋም አብሮ የሠራው የዌልሱ ካርዲፍ አቪዬሽን ሲሆን፣ የዚያ ኩባንያ የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር ብሩስ ዲኪንሰን የሮክ ሙዚቃ ዘፋኝም የአውሮፕላን አብራሪም ነው። ይህን ስሰማ ስቄ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩበት፤ መድረኩ ሲዘጋ ሰማዩ አለው፣ ሰማዩ ሲዘጋ መድረኩ አለው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ?

አሮጌው ባቡራችንስ? በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ ከመካከላችን ብዙዎቹን ወደዚህ ያመጣው ባቡር በ2010 ገደማ ጨርሶ ቆመ። የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ የአሮጌውን ባቡር ነጂ ግን ጠርቶ «ና ንዳ» አላለውም፤ ማሽኑ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሳድግ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የባቡር ነጂ በመጨረሻ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሰዓት ጥገና ነው። በጉብዝናቸው ዘመን ለመዝናኛ የተማሩት ሙያ ነበር። ያን ጊዜ ባቡር ነጂ ሰዓት ሲፈታ እናያለን ብለን እንስቅ ነበር። ዛሬ አልስቅም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስና ልጨርስ። በ2021 አጋማሽ የጭነት በረራ በየቦታው ሲበዛ፣ አንድ የዕቃ ጫኝ ድርጅት በባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ፈለገ። የሥልጠናውንና የሲሙሌተሩን ወጪ ግን አመልካቹ ራሱ እንዲችል ነበር የሚጠይቀው። እህቴ የሚያዝ ቤት አልነበራትም፤ ተይዟል። እኔም የቻልኩትን ሰጥቼ አልሞላም። ይህን የሰማች አንዲት እህታችን፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፣ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ናት፤ ልጁ ዕቃዋን ያስጫነላት ናት። ዕቁቧ በዚያ ወር ደርሷት ነበር። ማታ ሱቅ መጥታ ብሩን በነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረች ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። «መልሼ እንድቆጥረው አታድርጉኝ፤ ሐሳቤን እቀይር ይሆናል» ብላ ወጣች። ልጁ ሥልጠናውን ጨረሰ፣ ተቀጠረ፣ ብድሩንም ከነምስጋናው በአሥራ አራት ወር መለሰ። ዛሬ ካርቶን ነው የሚጭነው። ካርቶን አያጨበጭብም ይላል፤ ደግሞም አያስታውክም።

እንግዲህ ዓለምም ዞረ። በ2022 ሰው እንደገና መጓዝ ሲጀምር በአውሮፓና በአሜሪካ አብራሪና ሠራተኛ ጠፍቶ በረራ ይሰረዝ ጀመር። ዳግመኛ አይበሩም ከተባሉት ኤ380ዎች እንኳ ሉፍታንዛና ኢትሃድ በ2023 ከበረሃ አውጥተው መልሰዋቸዋል። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ይላሉ አባቶች። ችግሩ ቀኑ እስኪያልፍ ሰውየው የት ይቆያል ነው። አውሮፕላን ዘይት ተቀብቶ፣ ቀዳዳው ተሸፍኖ፣ ጠባቂ ተቀጥሮለት በረሃ ይቆያል። ለሰው ማን ነው እንዲህ የሚያደርግለት?

እዚህ ላይ ነው ማኅበራችን የሚመጣው። በ2020 ኤፕሪል የመረዳጃ ሣጥን ከፍተን ነበር። ከየቤቱ ተዋጥቶ ለአስተናጋጆች፣ ለቤት ሠራተኞች፣ በወደብ በቀን ሥራ ለሚያድሩ ወንድሞቻችን ዘይት፣ ሩዝና ዱቄት ታደለ። ሥራው መልካም ነበር፤ ፈጣሪ ይቁጠረው። አንድ ጥፋት ግን ነበረበት፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሒሳቡ ግልጽ እንዲሆን የተረጂዎች ስም በአዳራሽ ይነበብ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ተነበበም። ከዚያ በኋላ እንደሰማሁት ስማቸው እንዳይነበብ ብለው ሳይመዘገቡ የቀሩ ነበሩ። አንድ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዲት አስተማሪ፣ በኋላ ደግሞ የእኔው የእህቴ ልጅ። ፓይለት ዱቄት ይቀበላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመካከላችን እንደማይጠፋ ያውቁ ነበር። እኔ ራሴ ፎቶ ያወረድኩ ሰው ምን ልል እችላለሁ? በ2021 ነገሩ ሲቀል ሣጥኑ ተዘጋ፤ የተረፈው ገንዘብ ዛሬም በማኅበሩ ሒሳብ ውስጥ አለ።

ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ ቀን በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያ ሣጥን እንደገና ይከፈት፤ የችግር ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዘወትር ይኑር። በወር ከየቤቱ የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ቢዋጣ ማንንም አይጎዳም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፣ የተረጂ ስም አይነበብ። ሒሳቡን ሦስት የታመኑ ሰዎች ይወቁት፣ ኦዲተሩም ቁጥሩን ይመርምር፤ ስሙ ግን በእነሱ ዘንድ ይቅር። ሣጥኑም ማዕረግ አይጠይቅ። የተቀነሰ ሐኪምም ይሁን የተቀነሰ ጠባቂ፣ ከሥራ የቀረ ሰው አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ ሣጥኑ ዱቄት ብቻ አይስጥ። ሌላ ሙያ ለሚማር ወይም ፈቃዱን ለሚያድስ ሰው ያለ ወለድ ያበድር። ያቺ እህታችን ብቻዋን በዕቁቧ ያደረገችውን እኛ ሁላችን በአንድነት ማድረግ እንዴት ያቅተናል? ገንዘቧ ተመልሷል፤ ባይመለስ ኖሮ ግን የምትጎዳው እሷ ብቻዋን ነበረች።

ልጆቼ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ቃል። ከመካከላችሁ ፓይለት መሆን የሚፈልግ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሱቄ እየመጣችሁ ስለ እህቴ ልጅ ትጠይቁኛላችሁ። ተማሩ፣ ብረሩ። አትፍሩ። ነገር ግን እጃችሁ ሌላም ነገር ይወቅ፤ ሒሳብም ይሁን የኤሌክትሪክ ሥራም ይሁን። በሠፈር የሚሠራ ሥራን አትናቁ። ከሥራ የቀረ ሰው ስታዩም፣ መች ነው የምትመለሰው አትበሉት። ና ቡና እንጠጣ በሉት።

ፎቶግራፉ ወደ ቦታው ተመልሷል። የሰቀለው እሱ ራሱ ነው፤ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ከአልጋዬ ሥር አገኘውና፣ «ጋሼ፣ ምስማሩ እንዳይዝግ» ብሎ ሰቀለው። አሁን ደንበኛ ሲጠይቀኝ ስለ ክንፍና ስለ ሞተር አላወራም። የእህቴ ልጅ ነው እላለሁ፤ እዚህም አብሮኝ ሠርቷል።

ማኅበራችንን ያኑርልን፤ ያስጠጋችንን አገር ጅቡቲን፣ እናት አገራችን ኢትዮጵያንም ሰላም ያድርግልን። የሣጥኑ መዝገብ በዛሬው ቀን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የእኔ ስም በመጀመሪያው መስመር ተጽፏል፤ ሁለተኛው መስመር ክፍት ነው።